የጋሽ ጴጥሮስ ባለቤት አልባ ግሦች

በየመሥሪያ ቤቱ ምንም አድርጎ የማያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ሥራ ፈት ነው ማለት አይደለም፤ ሥራው በራሱ ጊዜ ይሠራል፣ ዕቃውም በራሱ ጊዜ ይሰበራል እንጂ እሱ የለበትም። ቴፒ አጠገብ ባለው የቡና ችግኝ ጣቢያ ይህን የተከበረ ወንበር የያዙት ጋሽ ጴጥሮስ ናቸው።

በልጅነታቸው ኩባ ሄደው ተምረዋል። የሲኒው ጆሮ ጣታቸው ላይ ቀርቶ ሲኒው መሬት ላይ ሲበታተን፣ ዜና እንደሚያነብ ሰው ረጋ ብለው "ተሰበረ" ይላሉ። አርፍደው ሲገቡ "ተረፍዷል።" ሞተር ብስክሌታቸውን ቦይ ውስጥ ከትተው ጭቃ በጭቃ ሆነው ሲመጡ "ተገባ።" ሰው ከሳቀ ይቆጣሉ።

"በስፓኒሽ እኮ ሰው ብርጭቆ አይሰብርም፤ ብርጭቆው ራሱ ነው የሚሰበርበት። ሥልጡን ቋንቋ ነው!"

ባለቤታቸው ወይዘሮ በየነች እንደሚምሉት፣ ለጋብቻ የጠየቋቸውም "ተወድደሻል" ብለው ነው። ማን እንደወደዳቸው እስከ ዛሬ አልተነገራቸውም።

አዲስ የተቀጠረችውን ንጋቷን ይህ ነገር ያበግናት ነበር። የዚያው አካባቢ የሸኮ ልጅ ናት፤ ነገርን ፊት ለፊት መናገር ትወዳለች። "ፈሪ ናቸው" ብላ ደምድማለች።

የካቲት ላይ ፀሐዩ ከረረ። ንጋቷ ቅዳሜ ተረኛ ሆና ሳለ የውሃውን ቧንቧ ሳትከፍት ሠርግ ሄደች። ሰኞ ጠዋት አንድ መደብ ሙሉ ችግኝ አንገቱን ደፍቶ ጠበቃት። የሙከራ ጊዜዋን ገና አልጨረሰችም፤ ለመባረር ይህ ይበቃ ነበር።

ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ አሰጋሽ ሠራተኛውን ሰበሰቡ። ንጋቷ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ምላሷ ግን ከላንቃዋ ጋር ተጣበቀ።

"ቧንቧው ሳይከፈት ቀርቷል" አሉ ጋሽ ጴጥሮስ።

"ማን ሳይከፍተው?"

"ተረስቷል።"

"ጋሽ ጴጥሮስ፣ ዛሬ ግሥ አልፈልግም። ሰው ይስጡኝ!"

ጋሽ ጴጥሮስ ጣሪያውን አዩ፤ ጫማቸውን አዩ። ንጋቷን ብቻ አላዩም።

"ተረሳኝ" አሉ።

የጨመሩት አንዲት "ኝ" ናት፤ ግን ያቺን "ኝ" ከእሳቸው አፍ ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረም። የንጋቷ ምላስ ድንገት ተፈታ።

"ኧረ አይደሉም! ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። እኔ ነኝ የረሳሁት!"

ወይዘሮ አሰጋሽ ሁለቱን አፈራርቀው አዩና ሳቃቸውን ዋጡ። "አንድ ቧንቧ ለሁለት ነው የረሳችሁት? በሉ ችግኙንም ለሁለት ትተክሉታላችሁ!"

ሳምንቱን ሙሉ ጎን ለጎን ተቀምጠው የችግኝ ላስቲክ ውስጥ አፈር ሲሞሉ ሰነበቱ። ንጋቷ አላስችል አላት።

"ጋሽ ጴጥሮስ፣ ለምን እንደዚያ አሉ?"

"እንጃ። ተባለ።"

ሳቋ አመለጣት። እጇ አፈር ስለሆነ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች።

"እንግዲያው ተመስግነዋል" አለቻቸው።

ጋሽ ጴጥሮስ ከላስቲኩ ቀና ሳይሉ፣ "በማን?" አሉ።

"በእኔ።"