ባሕር አይቶ የማያውቀው ባሕረኛ

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ አበው። ነፍሳቸውን ይማርና፣ አበው የጥገኝነት ፎርም ሞልተው አያውቁም። ሞልተው ቢሆን ኖሮ እውነትም እንደ ወጥ አድሮ እንደሚሻግት፣ ውሸት ግን አንዴ ፋይል ውስጥ ከገባ ምንም እንደማይነካው ይነግሩን ነበር። ይህን የምላችሁ ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። እጄ አለበት።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ አትላንታ ውስጥ እንግሊዝኛ አሳምሮ የሚጽፍ ሐበሻ እንደ ሐኪም ይፈለግ ነበር። በሥራ ቀን የሆቴል እንግዶችን መኪና ፓርክ አደርጋለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ የሰው የጥገኝነት «ኬስ» እጽፋለሁ። ጽሑፌ ያለፈለት ሁሉ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ጎንበስ ብሎ ስለሚሰላመኝ፣ ራሴን ትልቅ ሰው አድርጌ ቆጥሬው ነበር። ሞኝነት ነው፤ ግን ያኔ ይጥመኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ደምሴ የሚባል ሰው አቮንዴል እስቴትስ አጠገብ ወዳለችው አፓርታማዬ መጣ። የባሕር ኃይል ሰው ነው፤ ምፅዋ ላይ አሥራ ሁለት ዓመት በመርከብ ያገለገለ። መንግሥት ሲወድቅ ወደ የመን ሸሽቶ፣ ብዙ ተንገላቶ ነው እዚህ የደረሰው። ሚስቱና ትንሽ ሴት ልጁ አዲስ አበባ ቀርተዋል። ወረቀቱ ካለፈ ይመጣሉ፤ ካላለፈ አይመጡም።

ታሪኩን ሲነግረኝ አልተጣደፈም፤ እውነት ነዋ! ሲጨርስ ከቤተ መጻሕፍት የተዋስኩትን አዲስ ካርታ ዘረጋሁና ኢትዮጵያን አሳየሁት። ባሕር የለም።

«ኢንተርቪው የሚያደርግህ ሰውዬ የሚያየው ይኼን ነው» አልኩት። «ባሕር የሌለው አገር ባሕረኛ ነኝ ብትለው በሳቅ ይፈርሳል።»

«እኔ ስሠራበት ነበረ እኮ!»

«አሁን የለም። አስተማሪ እናድርግህ።»

ሦስት ቀን አስቦ፣ ለልጁ ሲል እሺ አለ። አስተማሪው አለፈ። ሚስትና ልጅ መጡ፤ እኔም ተመሰገንኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽምና፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት ሄዳ እንዳታወራ ተብሎ ቤት ውስጥም የባሕር ነገር አይነሳም። የመርከብ ላይ ፎቶዎቹን እናትየዋ አቃጠለቻቸው። ዜግነት ሲያገኝ «አሁንማ ለልጅህ ንገራት» ስለው፣ «ዜጋ የሆነው አስተማሪው ነው፤ እኔን ማን ያውቀኛል?» አለኝ። ከዚያ ወዲያ አንስቼበት አላውቅም።

ልጅቷ፣ ስሟ ሰላም ነው፣ አደገች፤ ኮሌጅ ጨርሳ ሥራ ያዘች። በመጀመሪያው ክረምት፣ ማለት በእነሱ ሰመር፣ ደወለችልኝ።

«ጋሼ፣ አባዬን ሰርፕራይዝ ላደርገው ነው። ላይክ፣ በሕይወቱ ባሕር አይቶ አያውቅም! ሳቫና ላይ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ቡክ አድርጌያለሁ። አንተም ትመጣለህ።»

«አንተ» መባሌን ለምጄዋለሁ። «አይቶ አያውቅም» ያለችውን ግን ሳላርም እመጣለሁ አልኳት።

አራት ሰዓት ነድተን፣ ጀልባ ተሳፍረን፣ የብስ ከዓይን እስኪጠፋ ድረስ ወጣን። ጀልባዋ ቆማ መንጠቆ ሲጣል ማዕበሉ ያንገላታን ጀመር። እኔ ሆዴ ውስጥ ያለውንም የሌለውንም ለዓሣ ሰጠሁ። ሰላም ባልዲ አቅፋ ተቀመጠች። ደምሴ ብቻ እግሩን ከፈት አድርጎ፣ ምንም ሳይደገፍ፣ በረንዳው ላይ እንዳለ ሰው ቆሟል። ውኃው ሊረጨን ሲል ቀድሞ ያውቅና ዞር ይላል። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ፊቱ ላይ አይቼው የማላውቀውን ደስታ አየሁ፤ አየሁና አፈርኩ።

የጀልባዋ ካፒቴን፣ ጢሙ የሸበተ ፈረንጅ፣ ሲያስተውለው ቆይቶ «መርከበኛ ነበርክ እንዴ?» ብሎ ጠየቀው።

ሰላም ከባልዲዋ ቀና ብላ ሳቀች። «ኖ! አስተማሪ ነበር። ባሕር ያየው ዛሬ ነው።»

ደምሴ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

«አዎ» አለ፤ «አስተማሪ ነበርኩ።»

ወደብ ስንደርስ ደምሴ ቀድሞ ወረደ፤ ካፒቴኑም እንዲያስርለት ገመዱን ወረወረለት። ከአየር ላይ ቀለበው። እጆቹ ማንንም ሳያማክሩ ገመዱን የወደቡ ማሰሪያ ብረት ላይ ጠመጠሙ፣ አሾለኩ፣ አጠበቁ። ካፒቴኑ ራሱን ነቀነቀ። ወዲያው የሰላም ድምፅ ከኋላው ተሰማ፤ «አባዬ፣ ቆይ መጣሁ!»

ደምሴ ገመዱን ፈታው። ፈታና እንደ ጫማ ክር አሰረው።

ጀልባዋ ወደኋላ ተንሸራተተች፤ ሰዉ ሳቀ። ሰላም ወርዳ ገመዱን ከእጁ ወሰደች። ለዚህ ቀን ብላ ኢንተርኔት ላይ ስታጠና ከርማለች ለካ። «አትፈር አባዬ፣ የመጀመሪያ ቀንህ ነው። እንደዚህ ነው የሚታሰረው፣ እየኝ» እያለች በቀስታ ታሳየው ጀመር።

«ጎበዝ ልጄ» አለ፣ አንገቱን አቀርቅሮ እያየ። «አሁን ገባኝ።»

አበው አልዋሹም፤ እውነት እያደር ይጠራል። የጠራው ግን ለእኔና ለደምሴ ብቻ ነው፤ እኛ ደግሞ ድሮም እናውቀው ነበር።