የሽማግሌው ጠበቃ ዶኛ ዴልፊና

አሮጌውን ማሽን አቅፌ ካልተቀበርኩ የሚል አንድ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት በዓለም ላይ የለም። ካለም ገና ትናንት የተከፈተ ነው። አለቃ ይመጣል፣ አለቃ ይሄዳል፣ ግድግዳ ይቀባል፣ ወንበር ይለወጣል፤ ያ ሰው ግን ጥግ ላይ ካለችው ማሽን ጋር ተጣብቆ «የሚሠራ ነገር አይነካም» እያለ ይኖራል። የእኛ ከተማ የመብራት ኅብረት ሥራ ማኅበር በዚህ በኩል አልተበደለም። ክብርት ዶኛ ዴልፊና ባሪዮኑዌቮ አሉልን፤ የቆጣሪ ንባብ ክፍል ኃላፊ፣ የማቴ ሻይ አዳይ፣ የሽማግሌው የዘላለም ጠበቃ።

ሽማግሌው የምንለው ሰው አይደለም። ጥቁር ስክሪን ላይ በአረንጓዴ ፊደል የሚጽፍ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። የከተማውን ቆጣሪ ሁሉ፣ የማን ቤት መብራት መቼ እንደተቋረጠ፣ ማን ምን ብሎ እንዳማረረ የሚያውቀው እሱ ነው። የሠራው የእኛው የመስመር ሠራተኛ ኦስማር ነበር፤ ምሰሶ ላይ ሲወጣ ውሎ፣ ከሥራ በኋላ ከመጽሐፍ እየተማረ። በዚያን ጊዜ በፕሮግራሙ የሚሠራ ሰው ዶኛ ዴልፊና ብቻ ስለነበሩ፣ ኦስማር የስሕተት መልእክቶቹን ሁሉ ለእሳቸው ጻፈ። የቤት ቁጥር ሲሳት «ዴልፊና፣ ቀስ በይ፣ ቤቱ አይሸሽም» የሚል ይወጣል። ንባቡ ከልክ በላይ ሲሆን ደግሞ «ዴልፊና፣ ይሄ ቤት ነው ወይስ ፋብሪካ? መነጽርሽን አድርጊ» ይላል።

በኋላ ማኅበሩ ብዙ ሰው ቀጠረ፤ መልእክቱን ለመቀየር ግን ማንም አልደፈረም። እኔ ቶርኳቶ፣ ባለ ጢሙ የቅሬታ ክፍል ሠራተኛ፣ በተሳሳትኩ ቁጥር ዴልፊና ስባል ኖሬአለሁ። ተሳሳትኩ ማለት እየቀረ መጥቶ «ዴልፊና ተባልኩ» ማለት የመሥሪያ ቤታችን ቋንቋ ሆነ። ከዚያም አጥር ዘልሎ ከተማ ገባ። አንድ እሑድ ዳኛው የእኛን ቡድን ፍጹም ቅጣት ምት ሲከለክለው ደጋፊው በሙሉ «ዴልፊና፣ ዴልፊና» እያለ ሲጮህበት ዋለ። ከደጋፊው መሃል የነበሩት ዶኛ ዴልፊናም ብድግ ብለው በእጃቸው ለሕዝቡ ሰላምታ ሰጡ።

ሽማግሌው ሌላም ጠባይ አለው፤ ቀትር ሲሆን ይተኛል። በእኛ ከተማ በሲየስታ ሰዓት ውሻ እንኳ አይጮህም። ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ሰው ምሳውን በልቶ ጋደም ይላል። ኦስማር ደግሞ ሰው ተኝቶ ማሽን የሚሠራበት ምክንያት አልታየውም፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ ጥላው እስኪረዝም ድረስ ምንም ነገር እንዳይቀበል አድርጎ ሠራው። ከቦነስ አይረስ የመጣው ኢንጂነር ሌአንድሮ በመጀመሪያ ቀኑ፣ ለአፍታ ብልጭ ብላ የምትጠፋው የመኝታ ስንብት አምልጣው፣ ይህን ሲያይ ፕሮግራሙ ሞተ ብሎ ደነገጠ። እኛ ቤታችን ተኝተን እሱ ገመድ ሲነቅልና ሲሰካ ዋለ። ስንመለስ ሽማግሌው በሰዓቱ ነቅቷል፤ ኢንጂነሩ ላብ በላብ ሆኖ «በስንት መከራ አዳንኩት» አለን።

«እጅህ ይባረክ» አሉት ዶኛ ዴልፊና፣ ማቴ የተሞላውን ቅል እያቀበሉት። እውነቱን የነገረው ሰው የለም።

ሌአንድሮ የመጣው ሽማግሌውን ጡረታ ሊያስወጣ ነበር። ነገሩም የግድ ነው። ማሽኑ መለዋወጫው ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል፤ አንድ ቀን ጸጥ ካለ የከተማው ቆጣሪ ሁሉ አብሮት ይሄዳል። አዲስ ፕሮግራም መጣ፣ እኔም ሠራተኛውን ወደ አዲሱ እንዳሻግር ተሾምኩ። ሌላው እያጉረመረመም ቢሆን ተሻገረ። ዶኛ ዴልፊና ግን ለመጀመሪያው ስልጠና ኬክ ጋግረው መጡ፤ ኬኩ ተቆርሶ፣ ማቴው ዞሮ፣ የኬኩ አሠራር በዝርዝር ተብራርቶ ሰዓቱ አለቀ። በሚቀጥለው መነጽራቸው ጠፋ። ግንባራቸው ላይ ነበር። ከዚያ ደግሞ ጣታቸውን አመማቸው።

«የትኛውን ጣት?» አልኳቸው።

«አዲሱን የሚነካውን።»

«ዶኛ ዴልፊና፣ እባክዎ፣ ሽማግሌው ዓርብ ይዘጋል።»

«ምን በደላችሁ?»

«ምንም አልበደለን። አርጅቷል።»

«እኔም አርጅቻለሁ። ዓርብ እኔንም ልትዘጉኝ ነው?»

«አዲሱ እኮ ፈጣን ነው።»

«ምን አስቸኮለው? ቆጣሪ ነው የምናነብ፣ እሳት አናጠፋ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል አልሰማህም፣ ቶርኳቶ?»

ግትርነት መስሎኝ ነበር። ሐሙስ ጠዋት እጃቸውን ይዤም ቢሆን አሻግራቸዋለሁ ብዬ ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሽማግሌው ላይ እየሠሩ ነበር። እያየኋቸው የገዛ ቤታቸውን ቁጥር አጣመው ጻፉ። ስክሪኑ «ዴልፊና፣ ቀስ በይ፣ ቤቱ አይሸሽም» አላቸው። ሳይቸኩሉ አነበቡት፣ አጠፉት፣ እንደገና አጣመው ጻፉ።

ያኔ ገባኝ። ያን ፕሮግራም ሲሠሩ ኦስማርና እሳቸው ለዓመታት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እሱ ይጽፋል፣ እሳቸው ይሞክሩለታል፣ ቅሉ በሁለቱ መሃል ይመላለሳል። ከተማው ሠርግ ይጠብቅ ነበር፤ ቄሱ ሳይቀሩ ይጠብቁ ነበር። ኦስማር ግን እናቱን የሚጦር ዓይን አፋር ሰው ነበር፤ ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ሲል አንድ የብርድ ሳምንት ልቡ ቀጥ አለች። ከዚያ ወዲህ ዶኛ ዴልፊና ማንንም አላዩም፤ የጠየቃቸው ሳይጠፋ።

«ይናፍቀኛል» አሉኝ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሡ። «ሰው ሲያረጅ ይቀላል ይላሉ። ውሸት ነው። በሕይወቱ እያለ ስሜን ጠርቶ አያውቅም፤ ያፍር ነበር። ‹ሴኞሪታ› ነበር የሚለኝ። ዴልፊና ያለኝ እዚህ ላይ ብቻ ነው። ዓርብ ስትዘጉት ማን ይለኛል?»

ተነሥቼ ሄጄ ለሌአንድሮ ነገርኩት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፊቱ ቀላና ራሱ መጣላቸው።

«ሴኞራ፣ መልእክቶቹን አንድም ሳይቀር ወደ አዲሱ መገልበጥ እችላለሁ።»

ዶኛ ዴልፊና ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ። አሳዘኑኝ፤ እሺ ቢሉ ምን ነበረበት አልኩ በልቤ።

«አይሆንም፣ ልጄ» አሉት። «እሱ ሲጽፈው እኔን እያየ ነው። ያንተኛው ማንን አይቶ ይለዋል?»

ዓርብ ቀትር ሲቃረብ፣ ማንም ሳያዝ፣ ሠራተኛው በሙሉ ሽማግሌው ፊት ተሰለፈ። አንድ በአንድ እየተቀመጠ የሆነ ነገር አበላሸ፣ ዴልፊና ተባለ፣ ተነሣ። ከሌአንድሮ በቀር የሣቀ አልነበረም፤ እሱም ተራው ደርሶ ዴልፊና ሲባል ሣቁን አቆመ። በመጨረሻ ዶኛ ዴልፊና ተቀመጡ። እሳቸው ምንም አላበላሹም። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው የእንቅልፉን ሰዓት ጠበቁ። ሰዓቱ ሲደርስ ሽማግሌው በየቀኑ ከመተኛቱ በፊት የሚለውን አለ፦ «ይበቃል፣ ዴልፊና። ቤት ሄደሽ ጋደም በይ፣ መብራቱን እኔ እጠብቃለሁ።»

«እሺ» አሉት። ሌአንድሮ እጁን ሲዘረጋ ቀድመውት ገመዱን ራሳቸው ነቀሉ፤ ቦርሳቸውን አንስተው ለሲየስታ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሰኞ ስገባ አዲሱ ፊት ተቀምጠው አገኘኋቸው። አዲሱ ከማንም ጋር ሥራ ሲጀምር «ማን ብዬ ልጥራዎት?» ብሎ ይጠይቃል። ዶኛ ዴልፊና መነጽራቸውን አስተካክለው «ሴኞራ ባሪዮኑዌቮ» ብለው ጻፉ።

«በስሜ ሊጠራኝ ምኔ ነው?» አሉኝ። ከዚያ ሥራቸውን ጀመሩ፤ ጣታቸውም ድኗል።

ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ። ለካ ሰውን ሁሉ ሳሻግር እኔ ራሴ ገና አልተሻገርኩም፤ ያው ጥያቄ ይጠብቀኛል። ጢሜን እያሻሸሁ ትንሽ ቆየሁና ጻፍኩ።

አሁን ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሬን ስከፍት «እንደምን አደሩ፣ ዴልፊና» የሚል ይወጣል። የማያውቀኝ ባለጉዳይ አይቶ ይሥቃል፤ ይሣቅ። እኔ ከሚያስፈልገው ትንሽ ከፍ አድርጌ አነበዋለሁ። የመጀመሪያ ቀን ከዶኛ ዴልፊና ጠረጴዛ ምንም አልተሰማም፤ ደፈርኳቸው መሰለኝና ቀኑን ሙሉ ቀና ብዬ ላያቸው ፈራሁ። በማግሥቱ ግን ቢሯችን ጸጥ እስኪል ጠብቄ እንደገና አነበብኩት።

«ደህና አደርኩ» አሉ ዶኛ ዴልፊና።