ጥንቸሉ ኪፓንዴ የለውም

ሰው ፊት ተዋርዳችሁ ታውቃላችሁ? እሺ። በአምስት ዓመት ልጅስ?

ቆይ፣ ከመሳቃችሁ በፊት ልጨርስ።

ዛሬ የልጅ ልጄ ኬጂ ወላጆችን ሰብስቦ ነበር። አንዲት ወጣት ቲቸር፣ ልጆቹ የተነበበላቸውን ተረት መረዳት አለመረዳታቸውን እንዴት እንደምትመዝን በስክሪን እያሳየች አስረዳችን። "ሪዲንግ ኮምፕሪሄንሽን" ትለዋለች። ወላጆቹ በስልካቸው ፎቶ ያነሳሉ። እኔ ብቻ አንገቴን ደፍቼ ጫማዬን አያለሁ።

ለምን መሰላችሁ? ያንን ፈተና እዚሁ ናይሮቢ፣ በደርግ ጊዜ፣ ወድቄዋለሁ።

ተማሪ ሆኜ አይደለም። አስተማሪ ሆኜ።

ያኔ ገና ሃያዎቹን የጀመርኩ ልጅ ነኝ። ዩኒቨርሲቲውን ሁለተኛ ዓመት ላይ ጥዬ በሞያሌ በኩል ነው የወጣሁት። ናይሮቢ ስገባ ሥራ የለኝም፣ ዘመድ የለኝም፣ ያለኝ አፍሮ ፀጉር ብቻ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አዩኝና "ይሄ ልጅ ዝም ብሎ ከሚቀመጥ ሕፃናቱን ያስተምር" አሉ።

ሥልጠና? የለም።

ልምድ? ታናሽ እህቴን ፊደል ላስቆጥር ብዬ አስለቅሻት አውቃለሁ። እሱ ከተቆጠረ።

ትምህርት ቤቱ ጸሎት ቤቱ ራሱ ነው። በአዘቦት ቀን አግዳሚ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ ገፋ እናደርግና ምንጣፍ እናነጥፋለን፤ ኬጂ ሆነ ማለት ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲጥል ትምህርት የለም። ማን ማንን ይሰማል?

ልጆቹ ሁሉም የስደተኛ ልጆች ናቸው። ችግሩ ከኬጂ በኋላ ነው። ስታንዳርድ ዋን፣ አንደኛ ክፍል ማለት ነው፣ የሚቀበላቸው ትምህርት ቤት ጠፍቶ ባለፈው ዓመት የጨረሱት እቤት ቁጭ ብለዋል። ሽማግሌዎቹ ስንት ደጅ ጠንተው፣ በመጨረሻ በአካባቢው ያለ አንድ ትምህርት ቤት ሄድሚስትረስ፣ ርእሰ መምህርቷ፣ እሺ አሉ። ሚስዝ ዋምቡይ ይባላሉ።

"ራሴ መጥቼ ልያቸው" አሉ። "የሚነበብላቸውን ከተረዱ እወስዳቸዋለሁ።"

ወላጆች ጾም ጸሎት ያዙ። እኔ ማስጠናት ያዝኩ።

ያለን አንድ የተረት መጽሐፍ ነው። ልጆቹ ከዳር እስከ ዳር ያንበለብሉታል። እኔማ በኩራት ልፈነዳ ነው። የምታሰጋኝ አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች።

ሶስና።

ሶስና አትናገርም። ክፍል ውስጥ ድምጿን ሰምቼዋለሁ ለማለት ይከብደኛል። እናቷም ሆነች አባቷ ከመጡ ወዲህ እንዲህ ናት ይላሉ።

አባቷ ጋሽ ታደለ መሃል ከተማ እትዬ አስካለ ምግብ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ነው የሚሠራው። ኪፓንዴ የለውም። ኪፓንዴ ኬንያውያኑ የሚሉት መታወቂያውን ነው፤ ያለ እሱ መንገድ ላይ ፖሊስ ከያዘህ መጀመሪያ እስር ቤት፣ ከዚያ ምናልባት ድንበር። ከድንበሩ ወዲያ ማን እንደሚጠብቅህ ደግሞ ለዚያ ዘመን ሰው አይነገርም። ጋሽ ታደለ ከሥራ ወደ ቤቱ ካሳራኒ፣ ከካሳራኒ ወደ ሥራ ነው። ሌላ ቦታ አይታይም።

ይህን እኔ አውቃለሁ። ሽማግሌዎቹ ያውቃሉ። ሌላ ሰው እንዲያውቅ አይፈለግም።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ሚስዝ ዋምቡይ መጡ።

ብቻቸውን አልነበሩም።

አብሯቸው ካኪ ኮት የለበሰ ሰውዬ አለ። ማን እንደሆነ ማንም አልነገረን። ግድግዳው ጥግ ቆሞ ልጆቹን ያያል፣ ወንበሮቹን ያያል፣ እኔን ያያል፤ ከዚያ እርሳሱን ያወጣና አንድ ነገር ይጽፋል።

ጥግ ቆሞ የሚጽፍ ካኪ ለባሽ። ከአዲስ አበባ ለመጣ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ? አያስፈልግም። 

"ማን ያነብልኛል?" አሉ ሚስዝ ዋምቡይ።

ሁሉም እጁን አወጣ። ከሶስና በቀር።

ናትናኤል የሚባል ቀልጣፋ ልጅ ተነስቶ ጀመረ። ጣቱን መስመሩ ላይ እያስኬደ፣ በጥሩ እንግሊዝኛ። ሚስዝ ዋምቡይ ቀስ ብለው ገጹን ገለጡበት። ያላለቀውን ገጽ። ልጁ ቀጠለ። ሁለት ገጽ ወደ ኋላ መለሱበት። ቀጠለ። በመጨረሻ መጽሐፉን ወስደው ዘግተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

ናትናኤል እስከ መጨረሻው አነበበና እጅ ነስቶ ተቀመጠ።

ሚስዝ ዋምቡይ "ጎበዝ" አሉት። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ በዝግታ "ጥሩ መዝሙር ነው" አሉኝ።

መዝሙር።

እመኑኝ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ልጆቹ የሚያነቡ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ከቦርሳቸው የራሳቸውን የሥዕል መጽሐፍ አወጡ። "እኔ አነባለሁ፤ አንተ ትተረጉምላቸዋለህ። በፈለጉት ቋንቋ ይመልሱ።"

ተረቱ አጭር ነው። ጥንቸል ጉድጓዱ ውስጥ አለ። ውጪ የእግር ኮቴ ይሰማል። ጥንቸሉ አይወጣም። የራሱ ልጆች ሣር ያመጡለታል፣ አሁንም አይወጣም። የሚሄደው ማን እንደሆነ መጽሐፉ አይናገርም፤ ሥዕሉም አያሳይም። የሚሰማው ልጅ ራሱ አስቦ እንዲደርስበት ነው።

"ጥንቸሉ ለምንድን ነው የማይወጣው?"



"አሞት ነው" አለች አንዷ። "እንቅልፉ መጥቶ ነው" አለ ሌላው። ናትናኤል የመጀመሪያውን መጽሐፍ እንደገና ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረ። በዓይኔ አስቆምኩት።

አለቀልን አልኩ። እነዚህ ልጆች እቤት ሊቀመጡ ነው። እናቶቻቸውን በር ላይ ምን ብዬ ነው የማያቸው?

ሚስዝ ዋምቡይ ወደ ሶስና ዞሩ። "አንቺስ?"

ሶስና ተነሳች። ወደ መጽሐፉ ጠጋ ብላ ሥዕሉን ብዙ አየችው። ከዚያ፣ በጠራ አማርኛ፣ እንዲህ አለች፦

"ኪፓንዴ የለውም።"

ጥግ ላይ የነበረው ሰውዬ ቀና አለ።

"ምን አለች?" አሉኝ ሚስዝ ዋምቡይ።

"አንበሳ ፈርቶ ነው አለች" አልኩ።

መጥፎ ትርጉም አልነበረም። የሚጠበቀው መልስ ነው፣ ልጅቷንም ያሳልፋታል፣ አባቷንም ያድነዋል። ትንፋሼ ተመለሰ።

ሶስና ግን አየችኝ፤ ለካ "ላየን" የምትለዋን እንግሊዝኛ ከተረት መጽሐፋችን ታውቃታለች። እንደ ትልቅ ሰው አየችኝ። ከዚያ በኪስዋሂሊ፦

"ሃፓና፣ ምዋሊሙ። ሲ ሲምባ። ኒ ፖሊሲ።"

"አይ፣ መምህር። አንበሳ አይደለም። ፖሊስ ነው" ማለቷ ነው።

ለካ ልጅቷ ካሳራኒ ግቢ ከጎረቤት ልጆች ጋር ስትጫወት ውላ ኪስዋሂሊውን ጠጥታዋለች። እኔ ገና የምንተባተብበትን ቋንቋ ታቀላጥፈዋለች፤ እኔ ደግሞ መናገር አትችልም እያልኩ ለእናቷ አዝን ነበር።

ሚስዝ ዋምቡይ ፊት ላይ ምንም አልታየም። ከእኔ ዓይናቸውን አንስተው እሳቸውም በኪስዋሂሊ ጠየቋት።

"ፖሊሱ ሲመጣ ጥንቸሉ ምን ያደርጋል?"

"አልጋ ሥር ይገባል።"

"ልጆቹስ?"

"'አባባ የለም' ይላሉ።"

ሳልኩ። በጣም ሳልኩ። ማንም አላየኝም።

"ፖሊሱ ከሄደ በኋላስ?"

"ይወጣል። ሻይ ይጠጣል" አለችና ሶስና ቦታዋ ሄዳ ተቀመጠች።

ሚስዝ ዋምቡይ መጽሐፉን ከተቱ። "አሳውቃችኋለሁ" አሉ፣ ሌላ ቃል የለም። ሰውዬው ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ዞር ብሎ ሶስናን አያት። እጁን ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ እንዲህ፣ ቁመቷን በዓይኑ ለካና ጻፈ።

በቃ። መልኳን መዘገበ አልኩ።

ልጆቹን ለአንዷ እናት አስረክቤ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ወደ ከተማ በረርኩ። እትዬ አስካለ ምግብ ቤት የምሳ ሰዓት ግርግር ላይ ነው። በጓሮ ገብቼ ጋሽ ታደለን ምድጃው አጠገብ አገኘሁት።

"ጋሽ ታደለ፣ ሶስና ተናገረች።"

ፊቱ በራ። ማማሰያውን ይዞ ቀረ። "ልጄ? ሰው ፊት? ተመስገን ጌታዬ።"

"ለመንግሥት ሰው ነው የተናገረችው።"

ያንን ፊት ሲጠፋ ማየት ነበረባችሁ። አይ፣ ባታዩት ይሻላል።

የነገርኩትን ሁሉ ሰምቶ ሽርጡን ፈታ፣ ምስማሩ ላይ አንጠለጠለና በጓሮ በር ወጣ። ደህና ሁን እንኳን አላለኝም።

ወዲያው እትዬ አስካለ ከፊት ለፊት ገቡ።

"ታደለ የታለ?"

"ሄዷል።"

"የት?"

"አይነገርም፣ እትዬ።"

ድስቱን አዩ፣ እኔን አዩ። "የማይነገረውን ተወውና ሽንኩርቱን ያዝ።"

እስከ ምሽት ሽንኩርት ከተፍኩ። እንባዬ ከሽንኩርቱ ይሁን ከሌላው ለይቼ አላውቅም።

ጋሽ ታደለ ቤተሰቡን ይዞ በዚያው ቀን ከካሳራኒ ጠፋ። ኢምባካሲ አየር ማረፊያው አጠገብ መጋዘን የሚጠብቅ የአገሩ ልጅ ዘንድ መጠጋታቸውን የሚያውቁት ሽማግሌዎቹና እኔ ብቻ ነን። ሶስና ከኬጂው ቀረች። ምንጣፉ ላይ ቦታዋን ሌሎቹ ልጆች አይቀመጡበትም። መኪና በቆመ ቁጥር ማስተማሬን አቆማለሁ።

ከሚስዝ ዋምቡይ ግን ምንም የለም።

አንድ እሑድ ስብከቱ መሃል ላይ በሩ ተከፈተ። ሚስዝ ዋምቡይ። ከኋላቸው ካኪ ኮቱ።

በጎን በር የወጣውን ወንድ ብታዩ። ዝማሬ ቡድኑ ውስጥ ወፍራም ድምፅ አልቀረም። አንዱ በመስኮት ነው የሄደው፣ ያውም ከረባት አድርጎ።

እኔ ተነሳሁ። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ በዚያን ሳምንት ከጭንቀት የተነሳ እህል አልቀመስኩም ነበር ማለት ይቻላል። እንዲያልቅልኝ ብቻ ፈለግሁ። በመተላለፊያው ሄጄ ፊታቸው ቆምኩና ሙሉ ጉባኤው እየሰማ፣ በእንግሊዝኛ፦

"ጥንቸሉ እኔ ነኝ" አልኩ።

"ምን?"

"አልጋ ሥር የሚደበቀው እኔ ነኝ። ሌላ ሰው የለም። ልጅቷን ተዉአት።"

ሚስዝ ዋምቡይ ጠጋ አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

"እኔ የጠየቅኳት ስለ ጥንቸል ነው። የመለሰችልኝም ስለ ጥንቸል ነው። አንተ ሌላ የሰማኸው ነገር አለ?"

አስባችሁታል? አንድ በአንድ ወደ ኋላ ሄድኩበት። ፖሊሱ ሲመጣ ጥንቸሉ ምን ያደርጋል። የጥንቸሉ ልጆችስ። ሴትዮዋ ስለ ሰው አንድም ጥያቄ አልጠየቁም። ሁሉንም ተረድተው፣ ከጥንቸሉ ንቅንቅ አላሉም። አብሬ ተቀምጬ ያልገባኝ እኔ ብቻ ነኝ።

"የለም" አልኩ።

"ጥሩ። ይህ የትምህርት ቤታችን አናጢ ነው" አሉ ወደ ካኪው እያሳዩ። "ለትንንሾቹ የሚሆን ወንበር አልነበረንም። ያን ቀን ያመጣሁት ቁመታቸውን እንዲያይልኝ ነው። አሁን ሠርቶ ጨርሷል።"

ሰውዬው ፈገግ አለልኝ። ጥርሱ እንዴት ያምራል።

ሴትዮዋ ገና ለፈተናው ከመምጣታቸው በፊት ልጆቹን ሊወስዱ ወስነው ነበር ማለት ነው። ፈተናው ከየት እንደሚጀምሩላቸው ለማወቅ ነበር። "አያነቡም፣ ግን ይማራሉ" አሉ። ቀጥለው "ያቺ ልጅ የታለች? ከሁሉም ያልተጻፈውን ያነበበችልኝ እሷ ናት።"

የታለች። ምን ልበል? "ትመጣለች" አልኩ።

በማግስቱ ኢምባካሲ ሄድኩ። ጋሽ ታደለ መጋዘን ውስጥ ጭነት ሲያወርድ አገኘሁት፤ ከስቷል፣ ጀርባውን ይዟል። ሁሉንም ነገርኩት። ካርቶን ላይ ቁጭ ብሎ ሰማኝ።

"እና ማንም አልፈለገኝም?"

"ማንም።"

"ቤቴን ለቅቄ፣ ሥራዬን ለቅቄ፣ እዚህ የተሸሸግሁት በከንቱ ነው?"

አጠገቡ ያለውን ካርቶን አነሳሁለት።

"እትዬ አስካለስ?"

"እሳቸውማ በጣም ነው የሚፈልጉህ።"

ይመታኛል ብዬ ሳስብ ሳቀ። ጀርባውን እያመመው፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። "በል ቀድመህ ግባና አንተ አስረዳልኝ" አለኝ። አስረዳሁለት። እንደገና ሽንኩርት ከተፍኩ።

ሶስና ከእኩዮቿ ጋር ስታንዳርድ ዋን ገባች። ጋሽ ታደለም ከብዙ ምልልስ በኋላ ወረቀቱን አገኘ። እኔን ደግሞ ሚስዝ ዋምቡይ ከሰዓት በኋላ እየጠሩኝ፣ ልጅ እንዴት ማንበብ እንደሚማር ከኋላ ተቀምጬ እንዳይ አደረጉኝ። በሕፃናቱ ወንበር፣ ጉልበቴ ጆሮዬ ድረስ ተጣጥፎ። እንጀራዬ በዚያው ሆነ፤ ጡረታ እስክወጣ ሕፃናት ሳስተምር ኖርኩ።

በዚህ ሁሉ ዘመን ግን አንድ ነገር አልተመለሰልኝም። እስቲ ኮሜንት ላይ በሐቅ ንገሩኝ፦ ካኪ ለባሹ ጥግ ቆሞ፣ ሄድሚስትረሷ ዓይን ዓይናችሁን እያዩ፣ ያቺ ሚጢጢ "ኪፓንዴ የለውም" ብትል፣ እናንተ ምን ብላችሁ ትተረጉሙት ነበር?

"አንበሳ" አይቻልም። እሱ ተይዟል።