የጣሳው ቲማቲም

በጣሳ ቲማቲም የሚተክል ጎረቤት ገጥሟችሁ ያውቃል? ካልገጠማችሁ አምላካችሁን አመስግኑ። እኔ ግን እዚህ ነገሌ፣ ውሃ በወታደር ቦቴ መጥቶ በወረፋ በሚታደልበት ሰፈር፣ ከጦር ሰፈሩ ጸሐፊ ከአቶ በላቸው ጋር አጥር ለአጥር እኖራለሁ።

ጠዋት ጠዋት «አካም፣ ናጋ?» ይለኛል። አፉ እኔን ሲጠይቅ ዓይኑ በርሜሌን ይጠይቃል። የዘይት ጣሳው የእኔ፣ አፈሩን ያለሰለሰው የፍየሎቼ በጠጥ! «እትዬ አስካለ፣ ዕቃ ያጠቡበትን ውሃ እንዳይደፉት» ሲለኝ፣ ለተክሉ አዝኜ ከንጹሁም ቀነስኩለት። ልጆቼ ፊታቸውን በእርጥብ ጨርቅ ተወልውለው ትምህርት ቤት ሄዱ። ቲማቲም ከሰው ፊት ይበልጣል እንዴ?

በስንት ጸሎት አንዲት ቲማቲም ቀላች። እኔ ሞኟ ግማሿን ስጠብቅ፣ እሱ በነጭ መሀረብ ጠቅልሎ ለአለቃው ለሻምበሉ ወሰዳት! እጅ መንሻ መሆኗ ነው። በማን ውሃ? በማን በጠጥ?

ማምሻውን የፍየል ወተት የምሸጥላቸው የሻምበሉ ባለቤት ያችኑ ቲማቲም ከነመሀረቧ ይዘውልኝ መጡ። «በላቸው አምጥቷት ነበር፤ ለሻምበል ቲማቲም አይስማማቸውም» አሉኝ። ከቃሪያና ከሽንኩርት ጋር ከትፌ ለእራት አቀረብኳት። ልክ ማዕድ ላይ ሳለን አቶ በላቸው ውሃ ሊለምን ብቅ አለ። ወጉ ነውና «እንብላ» አልኩት። እሱም አላንገራገረም። ጎርሶ አላመጠና ፊቱን አጨማደደ።

«እትዬ፣ ይሄ የገበያ ቲማቲም ምን ጣዕም አለው? የእኔን ቀምሰውት ቢሆን!»

«አፍህን ጥረግ» አልኩና ነጩን መሀረቡን ሰጠሁት።