የጎርቤሳዋ ቀማሽ

ባዩሽ ዳንጊሶ በጎርቤሳ ቡና ማጠቢያ ለዐሥራ ዘጠኝ ዓመት እንከን ለቃሚ ነበረች። ታጥቦ በሽቦ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ከሌሎች ሴቶች ጋር ከብባ፣ የተሰበረውን፣ የነቀዘውንና የጠቆረውን እየለየች ታወጣለች። የጠራው በጆንያ ተሞልቶ አገር ጥሎ ይሄዳል። እንከኑ አገር ቤት ይቀራል። የጎርቤሳ ሰው አፍልቶ የሚጠጣው ይህንኑ ስለሆነ ቡና የሚባል ነገር ከተፈጥሮው መራራ ነው ብሎ ያምናል፤ ምሬቱ እንዳይታወቀውም ጨው ጣል ያደርግበታል።

ባዩሽ ባል አላገባችም። «እንከን ስትለቅም ኖራ ሰው መምረጥ አቃታት» እያሉ ይቀልዱባታል። እሷም ከአልጋው ላይ ቀና ሳትል «ደህና ደህናውን ልካችሁ እንከኑን ብታስቀሩልኝ ከምኑ ልምረጥ» ትላቸዋለች። ሴቶቹ ይስቃሉ፤ ልጁ ከአገር ወጥቶ የቀረበት ሰው ግን ከፈገግታ አያልፍም።

በየዓመቱ ኅዳር ላይ አቶ ደርበው የሚባሉ ደላላ ይመጣሉ። ሰው አክባሪ ናቸው፤ የታመመ ይጠይቃሉ፤ የሰዉን ላም ሳይቀር በስሟ ያውቃሉ። ከጆንያው አንድ እፍኝ ዘግነው ወደ ከተማ ይወስዱና ሲመለሱ «ዘንድሮም ደረጃ ሦስት ተብሏል» ይላሉ። የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ሌዳሞ ቃሉን ተቀብለው ለአባላቱ «ተብሏል» ይላሉ። አባላቱም «እንግዲህ ደረጃችን ነው» ብለው ይፈርማሉ። ያለው ማን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ያልታሰበ ዝናብ ጣለና ወንዙ ድልድዩን ይዞት ሄደ። እፍኙን ይዘው ከተማ የሄዱት አቶ ደርበው ከወዲያ ማዶ ቀሩ። ከወዲህ ደግሞ ሶስና የምትባል ወጣት ከነመኪናዋ ተያዘች። ሶስና ከአዲስ አበባ የመጣች የቡና ቀማሽ ናት፤ አንድ ላኪ ድርጅት በየማጠቢያው እየዞረች እንድታይለት ልኳት ነበር። ግንድ አጋድመው እግረኛ እስኪያሻግሩ ሦስት ቀን ይፈጃል ተባለ። እጇን አጣጥፋ መቀመጥ ስላልሆነላት ስኒዎቿንና ትንሽ መፍጫዋን ከመኪናው አውርዳ ወደ አቶ ሌዳሞ ሄደች።

«ከዘንድሮው ቡና ጥቂት ቢሰጡኝ።»

አቶ ሌዳሞ ወደ መጋዘኑ ዞር አሉ። «ያ እንኳ የውጭው ነው፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ። ልቀምሰው ነው።»

«እኛ አንቀምሰውም። አይቀመስም ተብሏል።»

«ማን አለ?»

አቶ ሌዳሞ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲመሩ እንዲህ ተብለው ተጠይቀው አያውቁም። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ቆብ የለመደ ራሳቸውን አከክ አከክ አደረጉ፤ ከዚያ የመጋዘኑን ቁልፍ ሰጧት።

ቡናው የተቆላው በጠራራ ፀሐይ፣ በዘበኛው የዳቦ መጋገሪያ ምጣድ ላይ ነው። ሶስና ለለቀማ የምታግዛት ሰው ብትፈልግ ባዩሽን ጠሩላት። ቡናው ተፈጭቶ በስድስት ስኒ ተደረደረ፤ የፈላ ውሃ ተጨመረበት። ሶስና በማንኪያ እየቀዳች ከንፈሯ እስኪጮህ ስትስበው ባዩሽ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

«እናቴ ብትሰማሽ በዚያው ማንኪያ አፍሽን ነበር የምትልሽ።»

«ሥራዬ ነው፣ እትዬ ባዩሽ። ይሞክሩት።»

ባዩሽ ጨው ፈልጋ ግራ ቀኝ አየች። የለም። ፊቷን ለምሬቱ አዘጋጅታ ሳበችው። ከዚያ ማንኪያውን ይዛ እንደ ቆመች ቀረች።

«ምን ቀመሱ?» አለች ሶስና።

«እንጆሪ» አለች ባዩሽ ቀስ ብላ። «የጫካውን። ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ የተቀጠፈውን።» ሁለተኛውን ቀመሰች። ሦስተኛው ላይ ግን ቅንድቧን ሰበሰበች። «እዚህ ውስጥ አንድ የሸተተ ፍሬ ገብቷል።»

ሶስና ቀደም ብላ ቀምሳው ነበር፤ ምንም አላገኘችበትም። ደግማ ቀመሰች። ሦስት ጊዜ ተመላለሰችበት። ከዚያ ደብተሯን ዘግታ ባዩሽን እንደ አዲስ አየቻት።

«ልክ ነዎት። አለበት።»

«ምን ይገርማል ታዲያ፣ እንከን እኮ እንጀራዬ ነው።»

«የተቀረው ግን ደረጃ ሦስት አይደለም። በእኔ ምላስ አንደኛ ነው። እንዲህ ዓይነት በዓመት ሁለቴ ባገኝ ነው።»

ባዩሽ መጀመሪያ የመጣባት ደስታ አልነበረም። እናቷ በዚሁ አልጋ ዙሪያ ዕድሜዋን ጨርሳ ቡና መራራ እንደሆነ አምና ነው የሞተችው። ከዚያ ሳቅ መጣባት፤ ዕንባዋን እየጠረገች ሳቀች፤ ሶስናም የምትስቅበትን ሳታውቅ አብራት ሳቀች።

ቅዳሜ የመፈረሚያው ቀን ነበር። አቶ ደርበው ሱሪያቸውን ጠቅልለው በግንዱ ላይ ተሻገሩ፤ ወረቀቱን በላስቲክ ሸፍነው ይዘዋል። አባላቱ በመጋዘኑ ጥላ ሥር ተሰብስበዋል። «ዘንድሮም ደረጃ ሦስት ተብሏል» አሉ አቶ ደርበው። «መንገዱን ታያላችሁ። እኔ ዛሬ ካልወሰድኩት ማን ይመጣል ብላችሁ ነው?»

እውነት አላቸው። ትምህርት ቤት የልጅ ክፍያ ይጠብቃል፤ ዝናቡም መጋዘኑን ያረጥበዋል። ሶስናም ብትሆን የምትሰጠው ተስፋ የላትም። «እኔ ቀማሽ እንጂ ገዢ አይደለሁም። የቀመስኩትን እጽፋለሁ፤ ከዚያ በላይ አልዋሽም» ብላለች።

ይሄኔ ባዩሽ ትልቅ ጀበናና የስኒ ረከቦት ይዛ በመሐል ገባች። አቶ ደርበው ፈገግ ብለው «ባዩሽ አባል ናት እንዴ?» ሲሉ ጠየቁ።

«አይደለችም» አሉ አቶ ሌዳሞ። ጥቂት አሰቡና «ግን ቡና መቅዳት ለአባል ብቻ ነው አልተባለም» አሉ።

የመጀመሪያውን ስኒ ለአባባ ቡሪሶ ሰጠች። አባባ ቡሪሶ በመንደሩ የመጀመሪያውን የቡና ችግኝ የተከሉ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ናቸው። ጨው ጠየቁ። «ያለሱ ይቅመሱት» አለቻቸው። ቀመሱ። ስኒውን ከአፋቸው ሳያርቁ ደግመው ቀመሱ።

«ይህ የየት አገር ነው?»

«የዚሁ ነው፣ አባባ።»

«የማን?»

«ከእርስዎ ማሳ የተለቀመ ነው።»

አባባ ቡሪሶ ስኒውን አዙረው አዙረው አዩት። «ስድሳ ዓመት ተክዬ ስሸኘው ኖሬ» አሉ፣ «ከራሴ ልጅ ጋር ገና ዛሬ ተዋወቅን።» ከዚያም ስኒውን ዘረጉና «ጨምሪልኝ» አሉ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሌላው «ለእኔም» አለ። ስኒው ስላልበቃ በጣሳ፣ በቅል፣ በጠርሙስ ክዳን ሳይቀር ተቀበሉ። አንዷ ለቃሚ ዘፈን አነሳች፤ ሌሎቹ ተቀበሏት። አቶ ደርበው እስክሪብቶውን ለአቶ ሌዳሞ ዘረጉላቸው። አቶ ሌዳሞ በአንድ እጃቸው ስኒ፣ በሌላው ባርኔጣ ይዘው ነበርና «እጄ ሞልቷል» አሏቸው።

ማንም አልፈረመም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ሳምንት ቀላል አልነበረም። አንዳንዱ «ቡና ጠጥተን ጾም ልናድር ነው» እያለ አጉረመረመ፤ ባዩሽም ሰው ባየች ቁጥር መንገድ ትቀይር ጀመር። በአራተኛው ሳምንት ድልድዩ ተጠግኖ ሁለት መኪና ተከታትሎ ገባ። ሶስና የጻፈችውን አንብበው የመጡ ገዢዎች ናቸው። ቡናውን በአንደኛ ደረጃ ዋጋ ገዙት። ማኅበሩ ሁሉንም አልሸጠም፤ ጥቂቱን አስቀርቶ፣ ያገለገለ የቡና መቁያ መሣሪያ ገዝቶ ራሱ ይቆላው ጀመር። ባዩሽም በአባልነት ተመዘገበች፤ በመዝገቡ ላይ ከስሟ ፊት ለፊት «ቀማሽ» ተብሎ ተጻፈ። በግንቦት የጎርቤሳ ስም የታተመበት ከረጢት በአውራጃው ከተማ አውቶቡስ ተራ ይሸጥ ነበር። አባባ ቡሪሶ ሊያዩት ብቻ ብለው ተሳፍረው ሄደው፣ ሦስቱን ገዝተው ተመለሱ።

በሚቀጥለው ኅዳር አቶ ደርበው እንደ ልማዳቸው መጡ። ማንም ፊት አልነሳቸውም። ወንበር ተሰጣቸው፤ ስኒ ቀረበላቸው። የታመመ ጠየቁ፤ የላሞቹን ደህንነት ጠየቁ። ከዚያ ዋጋውን ሲሰሙ ስኒውን አስቀመጡት።

«ይህን ያህል ዓመት አብረን ኖረናል» አሉ። «መሬቱ ያው ነው፤ ተክሉ ያው ነው፤ ለቃሚዎቹ እነዚሁ ናቸው። ምን ተገኝቶ ነው እንዲህ የተወደደው?»

አቶ ሌዳሞ ወደ ባዩሽ አዩ። ባዩሽ የአቶ ደርበውን ስኒ አንስታ ሞላችላቸው።

«ልክ ነዎት፣ አቶ ደርበው፤ ቡናውስ ያው ነው» አለች። «እኛ ነን የቀመስነው።»