ከቆጠራው በፊት ያሸነፉት ሽማግሌ

በየጉባኤው ፈጣሪ ገና ሳይወስን ውሳኔውን የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። እንዲህ ዓይነቱ ሰው አይጠራጠርም፣ አይጠይቅም፣ "ይመስለኛል" የምትባለዋን ቃል በሕይወቱ ተጠቅሞባት አያውቅም። የኛው ክቡር ሽማግሌ በሙያቸው ቧንቧ ሠራተኛ፣ በጠባያቸው የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ችሎት ናቸው። ጸሎት ሲያሳርጉ ሁልጊዜ "አለቀ፣ ደቀቀ" ስለሚሉ፣ በሌሉበት ጋሼ አለቀ-ደቀቀ እንላቸዋለን። ዛሬ ስለሳቸው የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ ሳይበርድልኝ ልጨርሰው ብዬ ነው።

የጉባኤያችን ዘበኛ እግሩ ተሰብሮ ጄሶ ታስሮለት ሳለ፣ ክቡርነታቸው ሊጸልዩለት ሄዱ። "ተፈውሰሃል፣ አለቀ፣ ደቀቀ፣ ተነስና ሂድ" አሉት። ምስኪኑ ሰው አክባሪ ነውና ተነሳ። ሐኪሙ ጄሶውን ለሁለተኛ ጊዜ አሰረለት። ባለቤቴን ደግሞ ለመንጃ ፈቃድ ፈተና ስትሄድ በር ላይ አግኝተው "እንኳን ደስ ያለሽ" ብለዋት ነበር፤ ለአራተኛ ጊዜ ወድቃ ስትመለስ "የወደቀውስ ፈታኙ ነው" አሏት። ያኔ ስቀናል፣ አልዋሽም።

የሚገርመው ሥራቸው ላይ እንዲህ አይደሉም። የተጋጠመ ቧንቧ ዙሪያውን ሶፍት ይጠመጥሙበትና ሩብ ሰዓት ቁጭ ብለው ያዩታል፤ ወረቀቱ ደረቅ መሆኑን በጣታቸው ሳይነኩ "ጨርሻለሁ" አይሉም። ለቧንቧ የሚሰጡትን ትዕግሥት ለፈጣሪ መንፈጋቸው ነው ልቤን ውልቅ የሚያደርገው።

ከዚያ ምርጫው መጣ። ሳልደብቅ ልናገር፤ እኔም የመረጥኩት እሳቸው የመረጡትን ነው። ቤተሰብን እጠብቃለሁ፣ ልጆች በትምህርት ቤታቸው መጸለይ አይከለከሉም ያለውን ፓርቲ። አምኜበት ነው የመረጥኩት፣ ዛሬም አልጸጸትም። ከምርጫው በፊት ሦስት ቀን ጾመናል። የሒሳብ መምህር ስለሆንኩ የጸሎት ቡድናችን መዝገብ እኔ ዘንድ ነው። ሥርዓታችን ቀላል ነው፤ የጸሎት ርዕስ በሰማያዊ ይጻፋል፣ ጸሎቱ ሲመለስ አጠገቡ "ተመልሷል" ተብሎ በቀይ ከነቀኑ ይሰፍራል፣ በወሩ የመጨረሻ ዓርብም ተነቦ ይጨበጨባል። አንዴ የተጻፈ አይሰረዝም።

ድምፅ ሊሰጥ ሁለት ቀን ሲቀረው ጋሼ ቀዩን እስክሪብቶ ከደረት ኪሴ መዘዙት። "የፓርቲያችን ድል" ከሚለው ርዕስ አጠገብ "ተመልሷል" ብለው ጻፉ፤ ድምፅ የሚሰጥበትንም የእሑድ ቀን ሞሉበት።

"ጋሼ፣ ሕዝቡ ገና እኮ አልመረጠም" አልኳቸው።

"የሚቆጥር እምነት የሌለው ሰው ነው" አሉኝ። እንግዲህ ለሒሳብ መምህር ነው ይህ የሚባለው።

ቡድኑ በሙሉ አጨበጨበ። "ኧረ ቆይ" ያለ አንድ ሰው አልነበረም፣ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ከሚያናድዱኝ ነገሮች አንዱ ይኸው ነው።

ተሸነፍን። ለጥቂት ቢሆን እንኳ ደግ ነበር፤ ወዲያኞቹ፣ ተፎካካሪዎቻችን፣ ስልሳ አንድ በመቶውን ድምፅ ወስደው ዘረሩን። ሰኞ ዕለት አዳራሹ ውስጥ በቴሌቪዥኑ ፊት ተኮልኩለን ስንሰማ ጋሼ "ገና ነው፣ የገጠሩ አልተቆጠረም" አሉ። የገጠሩ ተቆጠረና ባሰ። ማክሰኞ "ተሰርቀናል" አሉ። ረቡዕ "ቅጣት ነው" አሉ። ሐሙስ ቅጣቱ በማን የተነሳ እንደመጣ ለማጣራት ከቤት ወጡ።

ማጣራት ስል ቀልዴን አይደለም። የሰፈራችንን ዳቦ ጋጋሪ ምድጃው ፊት አቁመው "ማንን መረጥክ? ዓይኔን እያየህ ንገረኝ" አሉት። ሰው ድምፁን ከመጋረጃ ጀርባ የሚሰጠው እኮ እንዲህ ዓይነት ሽማግሌ እንዳያየው ነው። በዚሁ ቀን የቀይ እስክሪብቶው ወሬ የመምህራን ክፍል ደርሶ፣ የፊዚክስ መምህሩ "ፈጣሪያችሁ ሲደምር ተሳስቶ ይሆን?" አለኝ። በወዲያኞቹ ተናድጄ ነበር፤ በክርክር ላይ አንድ ቁጥር መጥቀስ ባቃተው የፓርቲያችን መሪም ተናድጄ ነበር። ከሽማግሌያችን የጠበቅኩት "አዝኛለሁ፣ አልገባኝም" የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበረች።

ዓርብ ሊመሽ ሲል ተሰበሰብን። አንዲት እናት "ለአዲሱ መንግሥት መጸለይ የለብንም ወይ?" ብላ ጠየቀች። ጋሼ "ስማቸው በዚህ አዳራሽ አይጠራም" ብለው ዘጉት። ቀጥለውም "ከመካከላችን ለነሱ ድምፁን የሰጠ አለ። ጸሎታችን የታሰረው በሱ ነው። ራሱን ያውጣ" አሉ።

ከኋላ ወንበር የገዛ ልጃቸው ተነሳች። አዋላጅ ነርስ ናት። በትዳሯ ሰባተኛ ዓመት አርግዛ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች፤ ለመነሳት የፊቷን ወንበር በሁለት እጇ መደገፍ ነበረባት።

"እኔ ነኝ፣ አባዬ" አለች። "ለጤና ጣቢያችን አምቡላንስ እናመጣለን ስላሉ ነው። ባለፈው ዓመት መኪና ስንፈልግ ሁለት እናቶች እጄ ላይ ሞተዋል። ቀብራቸው ላይ የጸለይከው አንተ ነህ።"

ጋሼ ልጃቸውን አላዩዋትም። ወደኔ ዞረው "የሷን ርዕስ ሰርዘው" አሉኝ። ርዕሷን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ "በሰላም እንድትገላገል" ይላል፣ ያጻፉኝም ራሳቸው ናቸው።

ደሜ ፈላ። "አይሰረዝም" አልኳቸው። "የሚሰረዝ ካለ የእርስዎ ቀይ ይሰረዛል።" በሃያ ዓመት ውስጥ በሳቸው ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር። እሳቸው ባርኔጣቸውን አንስተው በፊት በር ወጡ፣ ልጅቷ በጓሮ በር። እኛም ወንበሩን ሳንሰበስብ ተበተንን። ያሸነፉን ሰዎች እኮ መኖራችንን እንኳ አያውቁም፤ ማንም ሳያዘን በገዛ እጃችን ተበላላን። ይሄ ነው ጨጓራዬን የላጠው።

ቅዳሜ ጠዋት ልጅቷን ይቅርታ ልጠይቅ ቤቷ ሄድኩ፤ አባቷ ሲጠይቁን፣ ሲያጣሩን፣ አፌን ዘግቼ በመክረሜ። በሩ ክፍት ነበር። ማእድ ቤት ውስጥ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ሁለት እግሮች ተዘርግተዋል፤ ጫማዎቹን አውቃቸዋለሁ። ልጅቷ ሁለት እርምጃ ርቃ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ የሕፃን ልብስ ታጣጥፋለች። እንደተኮራረፉ ናቸው።

"ማነው?" አሉ ጋሼ ከሥር ሆነው።

"እኔ ነኝ።"

"ባትሪውን ያዝልኝ።"

እንደተናደድኩ ያዝኩላቸው። ጥቂት ቆይተው "መምህር፣ ለዚች ሴትዮ ሙቅ ውኃው በግራ በኩል ነው በላት። ልጁን ስታጥብ እንዳትሳሳት" አሉ።

"ሰምታለች ይበሉልኝ" አለች እሷ፣ ከልብሱ ቀና ሳትል።

"ሰምታለች" አልኩ። በዚህ ዕድሜዬ የማይነጋገሩ ሰዎች ስልክ ሆንኩ።

መፍቻው ወለሉ ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ። ከዚያ ማንም እንዲያደርስላቸው ሳይጠይቁ "አምቡላንሱን መቼ ነው የሚያመጡት?" አሉ።

"በስድስት ወር ውስጥ ብለዋል፣ አባዬ።"

"አንቺ የቀረሽ አንድ ወር ነው።"

"አውቃለሁ።"

ከዚያ እዚያው በጀርባቸው እንደተጋደሙ መጸለይ ጀመሩ። ሌላ ጊዜ ሲጸልዩ ጎረቤት ይሰማል፤ አሁን ግን ጎንበስ ብዬ ነው የሰማኋቸው። "ጌታ ሆይ፣ እነዚያን ሰዎች... ስማቸውን አንተ ታውቀዋለህ፣ እኔ ልጠራው አልቻልኩም። ልብ ስጣቸው። መኪናውን ቶሎ ያምጡት። ባይደርስላትስ አንተ ምን እንደምታደርግላት አላውቅም። አላውቅም፣ ጌታዬ። ልጄን አደራ።"

እኚህ ሰውዬ "አላውቅም" ሲሉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። በምርጫው ያለኝ ንዴት አልበረደም፣ በሳቸውም እንዲሁ፤ እዚያው አዳራሽ ቆመው ይቅርታ እስኪጠይቋት ድረስ አልለቃቸውም። ግን እንደምወዳቸው እዚያ ማእድ ቤት ውስጥ ታወቀኝ፤ ለዚህም ጭምር ተናደድኩ። ልጅቷ አፏን በሕፃኑ ልብስ ሸፍና ታለቅሳለች፣ እሳቸውም ከሥር ሆነው ይጠብቃሉ። አሜን የሚል ሰው ሲጠፋ እኔው አልኩት።