ሳሎኑ የባንክ፣ ኩሽናው የጋሽ በላይነህ

በዚህ አገር ሰው ሦስት ዓይነት ነው፤ ቤት ያለው፣ ቤት የሌለው፣ ቤት ያለው የሚመስለው። ሦስተኛውን ሳታውቁት አትቀሩም። ባለ ፎቅ ነው፣ ግን የሚያድረው ሰርቪስ ውስጥ ነው። አከራይ ነው፣ ግን ግቢው ውስጥ ካለው ጫማ ሁሉ ያረጀው የሱ ነው። ወር በገባ ቁጥር እኛ እሱን እንፈራለን፣ እሱ ባንኩን ይፈራል። ሀዋሳን ከታቦር እስከ ሐይቅ ዳር ብትዞሩ በየመንደሩ አንድ አንድ አይጠፋም። የሁሉም የበላይ፣ የባለዕዳ አከራዮች ሊቀመንበር ክቡር ጋሽ በላይነህ ግን የኛ ናቸው። ታቦር ያለው ግቢያቸው ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ተከራይቼ ኖሬአለሁና ልመስክር።

ጋሽ በላይነህ ከውሃ መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከባንክ ተበደሩና ፎቅ ሠሩ። ያንኑ ፎቅ ለብድሩ መያዣ ሰጡ። ቀለም ቀብተው፣ መጋረጃ ለክተው፣ ሊገቡ ሲሉ ወለዱ ቀድሟቸው ገባ። በቃ፣ ቤቱን ለኛ አከራዩትና ከባለቤታቸው ከእትዬ ጸሐይወርቅ ጋር ከኋላ ያለችው ሰርቪስ ውስጥ ቀሩ።

ሌላ ሰው ዕዳውን በብር ይቆጥራል። እሳቸው በክፍል ነው። "እስከ ኩሽናው የኔ ነው፤ ከሳሎኑ ወዲያ የባንኩ ነው" ይላሉ። የወሩን ከፍለው ሲመጡ ገና ከበር ይጮሃሉ፤ "እንኳን ደስ ያላችሁ! ዛሬ የሽንት ቤቱን በር ጨረስን!" ያን ቀን ሁላችንም ተራ በተራ ገብተን በሩን ዘግተን ወጣን። ልዩነት ነበረው፣ አልዋሽም።

አንድ ቀን ጎረቤቴ አሸናፊ፣ የባጃጅ ሹፌር ነው፣ ፎቶ ሊሰቅል መዶሻ አነሳ።

"ቁም! የማንን ግድግዳ ነው የምትወጋው?"

"የእርስዎን ነዋ ጋሼ።"

"የባንኩ ነው እንጂ! ነገ መጥቶ 'ግድግዳዬን ማን በሳው' ቢለኝ ምን ልመልስ? ኩሽና ስቀለው። ኩሽናው የኛ ነው።"

የአሸናፊ የዲግሪ ምርቃት ፎቶ ዛሬም ከሽንኩርቱ በላይ ተሰቅሎ ወጥ ያያል።

ለቅሶ ቤት እንኳን ጋሽ በላይነህ ያው ናቸው። ሰው ሁሉ "ምን አግኝቶት ነው የሞተው?" ሲል እሳቸው ጠጋ ብለው "ብድር ነበረበት?" ይላሉ። "የለበትም" ከተባሉ እንባቸው ይመጣል፤ "ታድሎ! እኔ እኮ ብሞት እንኳ ባንኩ ካልፈቀደ አልቀበርም።"

ዘንድሮ ግን ነገሩ ከቀልድ አለፈ። ታች ያለውን ሱቅ የተከራየው ፋርማሲ ለቆ ሄደ። ለባንኩ የሚከፈለው ተዘለለ፣ ደግሞ ተዘለለ። በመጨረሻ ደብዳቤ መጣ። ሰው መጥቶ የቤቱን ገቢ ያያል፤ ገቢው በቂ ከሆነ የመክፈያው ጊዜ ይራዘማል፤ ካልሆነ ቤቱ ሐራጅ ይወጣል። ሐራጅ የምትለዋ ላይ ሲደርሱ ጋሽ በላይነህ ቁጭ አሉ። ወንበር አልነበረም።

ክፉ ነገር ብቻውን አይመጣም። በዚያው ሰሞን ገቢዎች የኪራይ ግብር ሊመዘግቡ ቤት ለቤት እየዞሩ ነው ተባለ። ጋሽ በላይነህ አቮካዶው ዛፍ ስር ሰበሰቡን፤ እኔን፣ አሸናፊንና ልብስ ሰፊዋን ሙንተሃን።

"ስሙኝ። የባንኩ ሰው ከመጣ ትከፍላላችሁ። ብዙ ትከፍላላችሁ። እየሳቃችሁ ትከፍላላችሁ። የገቢዎች ሰው ከመጣ ግን ዘመዶቼ ናችሁ፣ በነፃ ነው የምትኖሩት።"

"ጋሼ፣ እኔ ሙንተሃ ሙህዲን በምን በኩል ነው የምዛመድዎት?"

"በእናቴ በኩል።"

"እናትዎ የጎጃም ሰው አይደሉም እንዴ?"

"እናቴ መንገድ ትወድ ነበር። ዝም ብለሽ ተዛመጂ!"

"ሁለቱን ሰዎች በምን እንለያቸዋለን ታዲያ?" አልኩ እኔ።

"በከረባት! ባንክ ያለ ከረባት ንቅንቅ አይልም።" ዕድሜያቸውን ቢሮ የኖሩ ሰው ናቸውና አመንን።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ጋሽ በላይነህ "እንግዳ አይታወቅም" ብለው ለስላሳ ሊገዙ ወጡ። እሳቸው ከመውጣታቸው አንድ ወጣት ከባጃጅ ወረደ። ቲሸርት፣ መነጽር፣ ላብ። ከረባት የሚባል ነገር የለም። ተያየንና ተዘጋጀን።

"እዚህ ቤት ስንት ተከራይ አለ?"

"የምን ተከራይ!" አልኩት። "ዘመዳሞች ነን።"

"አጎቴ ናቸው" አለች ሙንተሃ። "ለአጎት ኪራይ ይከፈላል? ነውር አይደል እንዴ!"

አሸናፊ መበለጥ አይወድም። "እኔማ ልጃቸው ነኝ" አለ፤ "ከመጀመሪያ ሚስታቸው።"

ኩሽና ውስጥ የሆነ ክዳን ወደቀ። እትዬ ጸሐይወርቅ ማማሰያቸውን እንደያዙ ብቅ አሉ። "ከማ?"

ወጣቱ አዝኖ ወረቀቱን አጠፈ። "እንግዲህ ቤቱ ምንም ገቢ የለውም ማለት ነው?"

"አንድ ሳንቲም የለውም!" አልን በኩራት።

ይሄኔ ሁለተኛው ሰው ገባ። ኮት፣ ከረባት፣ በዚያ የሀዋሳ ሙቀት! እየተጋፋን ሄደን ተቀበልነው። እኔ የምከፍለውን እጥፍ አድርጌ ነገርኩት። ሙንተሃ የኔ ላይ ጨመረች። አሸናፊ የሁለታችንንም ደምሮ "እንዲያውም ያንሰኛል እያልኩ ነው" አለ። ሰውዬው እየጻፈ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"እኔ ገቢዎች መሥራት ከጀመርኩ" አለ፣ "እንደናንተ ያለ እውነተኛ ተከራይ አይቼ አላውቅም።"

ዞር ብለን ቲሸርት የለበሰውን አየነው። ከባንክ ሌላ ከየትም ሊመጣ አይችልም።

ጋሽ በላይነህ ለስላሳ ታቅፈው የገቡት እዚህ ላይ ነው። ከረባቱን አዩና ሮጡ። "ጌታዬ! ይቀመጡ! ባንክ ማለት እኮ አባት ነው!"

"ጋሼ" አልኩ በጆሯቸው፣ "ባንኩ ያኛው ነው።"

"ከረባቱስ?"

"የገቢዎች ነው።"

"አንተ በላይነህ!" አሉ እትዬ ጸሐይወርቅ ከወዲያ፤ "ባንኩ ይቆይና መጀመሪያ ስለ ሚስትየዋ ንገረኝ!"

ጋሽ በላይነህ ያኔ ሲያሳዝኑ! ጠርሙሶቹን መሬት ላይ ደረደሩና ባርኔጣቸውን አወለቁ። "በቃ" አሉ፣ "ዋሽቼ አዋሽቻቸዋለሁ። ሚስቴ አንድ ናት። እነዚህ ዘመዶቼ አይደሉም፣ ተከራዮቼ ናቸው።"

"እሺ አባባ" አለ የባንኩ ልጅ፣ "እውነተኛው ኪራይ ስንት ነው?"

ወደ እኔ ጠቆሙ። "እሱ ይከፍላል።"

"ሌሎቹስ?"

ጋሽ በላይነህ አቮካዶውን ቀና ብለው አዩ። "ሙንተሃ የስፌት ሱቋ ከተዘጋ ወዲህ... ትንሽ አርፋለች። አሸናፊም ባጃጁ ከተጋጨች ወዲህ እንደዚያው ነው።"

"አሸናፊም አይከፍልም?" ብላ ጮኸች ሙንተሃ።

"አንቺም?"

"'ለሌሎቹ እንዳትነግሪ፣ ይባልጋሉ' ብለውኝ እኮ ነው!"

"እኔንም እኮ ነው ያሉኝ!"

ለካ እዚህ ግቢ ውስጥ የሚከፍለው ሞኝ እኔ ብቻ ነኝ። ፋርማሲው ቢሄድም ሁለቱ ቢከፍሉ ኖሮ የባንኩ አይዘለልም ነበር። ሽማግሌው በገዛ ቤታቸው ላይ ሐራጅ የጠሩት "ክፈሉ" ማለት ከብዷቸው ነው።

የገቢዎቹ ሰው ከረባቱን ላላ አደረገ። "ለባንኩ ወለድ ይከፍላሉ አይደል?"

"ከሱ ሌላ ምን ሥራ አለኝ!"

"ሂሳብዎን በመዝገብ ይዘው ቢሆን ኖሮ ወለዱ ከኪራይ ገቢዎ ላይ ይቀነስልዎት ነበር። ግብሩ የሚታሰበው በተረፈው ላይ ነው።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ የተደበቅኩት ከሚያግዘኝ ሰው ነው?"

"መቀጫም አለ፤ ብዙም አይደሰቱ።"

የባንኩ ልጅ ደግሞ "እውነተኛ ውልና የግብር ወረቀት ይዘው ከመጡ ማራዘሚያውን አቀርብልዎታለሁ" አለ። "ግን እነዚህን የማይከፍሉትን አስወጥተው የሚከፍል ያስገቡ። በነሱ ምክንያት ቤትዎን ሊያጡ ነው እኮ።"

ሙንተሃ መሬት መሬት አየች። አሸናፊ የባጃጁን ቁልፍ በጣቱ ያሽከረክራል፤ ባጃጇ ጋራዥ ናት፣ ቁልፉን ብቻ ነው የያዘው። ጋሽ በላይነህ ባርኔጣቸውን መልሰው አደረጉና ልጁን በቁጣ አዩት።

"የት ይሂዱ? የዚህ ከተማ አከራይ እኮ ጨካኝ ነው!"

ልጁ ለስላሳውን አንስቶ ጠጣ። ቀድማ የተናገረችው ሙንተሃ ናት፤ "ጋሼ፣ ታች ባዶውን ሱቅ ይስጡኝ። ማሽኔን አወርድና ከምሰፋው በየሳምንቱ እከፍላለሁ።"

"እስከ ዛሬ አፍሽን ማን ያዘሽ?"

"የክፍሉን ኪራይ የማይከፍል ሰው ሱቅ ይጠይቃል እንዴ?"

ውሉ እዚያው ዛፉ ስር ተጻፈ፤ የገቢዎቹ ሰው ምስክር ሆኖ ፈረመ። አሸናፊም ከሌላ ሰው ባጃጅ ተቀብሎ መክፈል ጀመረ። መቀጫው ተከፈለ፣ ማራዘሚያውም ከስንት ምልልስ በኋላ ተፈቀደ። እትዬ ጸሐይወርቅ ብቻ ስለ መጀመሪያዋ ሚስት ዛሬም ማብራሪያ ይጠብቃሉ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ደላላ መጣና እዚሁ ሀዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ቤት አገኘሁልህ አለኝ። ሰፊ ነው፣ ውሃ አይጠፋም፣ ኪራዩም ካሁኑ ይቀንሳል።

"አከራዩስ?" አልኩት።

"ዋናው እሱ አይደል! ውጭ አገር ነው። አይመጣም፣ አይጠይቅህም፣ ድምፁን አትሰማም።"

"ተወው ወንድሜ" አልኩት። "ታዲያ እዚያ ማን ይቆጣኛል?"